የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሠፈር ሲመለስ፦ ከንክሻው ሰዓት እስከ ውሻ ክትባቱ ዘመቻ

የእብድ ውሻ በሽታ ለዓመታት ስሙ ሳይነሣ ቆይቶ ወደ አንድ አካባቢ ሲመለስ መጀመሪያ ሰው ላይ አይታይም። ማን እንዳሳደገው የማይታወቅ ውሻ በማለዳ መንደሩን አቋርጦ ይሮጣል፤ በመንገዱ ያገኘውን ውሻ፣ ጥጃ፣ ልጅ ሳይመርጥ ነክሶ ያልፋል። ውሻው የት እንደገባ ሳይታወቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ አንዲት ላም ድምፅዋ ጎርንኖ ሌሊቱን ሙሉ ታገሳለች፤ አህያው የራሱን እግር ይነክሳል። ሰው የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፤ የተነከሰው ግን ያኔ በመጀመሪያው ጠዋት ነበር።

በሽታው የሚመለስበት ምክንያት ምስጢር የለውም። የውሻ ክትባት ይቋረጣል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በተለይ በትግራይ ጤና ተቋማትና የእንስሳት ክሊኒኮች ተዘረፉ፤ ክትባቱ ቆመ፤ ሰው ሲፈናቀል ውሻው ሜዳ ላይ ቀረ። ጦርነት ባልደረሰበትም ወረዳ የበጀት መቋረጥ ወይም የማቀዝቀዣ መበላሸት ያንኑ ያደርጋል፤ ሁለት ዓመት ሳይከተቡ ማለፍ ይበቃል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል። ከመቶው 99ኙ በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው፤ ከአሥሩ አራቱ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በሽታው ሙሉ በሙሉ ይከለከላል ማለት ይቻላል። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ውስጥ ወደ አንጎል የሚጓዘው ቀስ እያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይወስድበታል። አልፎ አልፎ በሳምንት የደረሰ፣ ከዓመት በላይ የቆየም አለ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን በሰዓት አስቀምጠነዋል።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት፦ እጥበት

ውሻውን ማሳደድ ይቆይ። በቅድሚያ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ደቂቃውን በስልክ ወይም በሰዓት ይያዙ፤ በግምት የሚታጠብ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ነው የሚያቆመው። ቧንቧ ካለ ውሃው ቁስሉ ላይ እየወረደ ይጠቡ። ከሌለ አንድ ሰው በጆግ ቀስ ብሎ ያፍስስ፣ ሌላው ሳሙናውን እየቀባ ይጠብ፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ15 ደቂቃ ይበቃል። ተራ የልብስ ሳሙና ይሠራል። ቫይረሱ የተሸፈነው በስብ ቅርፊት ስለሆነ ሳሙና ቅርፊቱን ያፈርሰዋል፤ የዘመናዊ ሳሙና ሽታ የሚጨምረው ነገር የለም።

ጥርሱ ጠልቆ የገባበት ቀዳዳ ከላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ የሚያሰጋውም እሱ ነው። ጠርዙን በጣት ቀስ ብለው ይክፈቱና ውሃው ወደ ውስጥ ይግባ። በብሩሽ አይፈትጉ፤ ሥጋውን ማቁሰል ለቫይረሱ ተጨማሪ ነርቭ መክፈት ነው። ከእጥበቱ በኋላ ቤታዲን ወይም 70 በመቶ አልኮል ይቀቡ።

በየቤቱ የሚደረገው ስህተት ተመሳሳይ ነው። የቡና ዱቄት ይነሰነሳል፣ ቅቤ ይቀባል፣ በርበሬ ይደረጋል፣ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ቅቤና ዱቄት ቀዳዳውን ደፍነው ቫይረሱን ውስጥ ያስቀሩታል፤ መተኮስና በርበሬ ሥጋውን ያቆስላሉ። በጨርቅ አጥብቆ ማሰርም አያስፈልግም። ጤና ጣቢያም ቢሆን ቁስሉን ቶሎ መስፋት ትክክል አይደለም። ፊት ላይ ሆኖ ደሙ እምቢ ካለ ብቻ፣ ያውም ሴረሙ (ከክትባቱ ሌላ የሆነ፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ መከላከያ) ቁስሉ ውስጥ ከተወጋ በኋላ፣ ላላ ተደርጎ ይሰፋል።

ንክሻውን መመዘን

ሁሉም ንክኪ መርፌ አያስፈልገውም፤ መርፌ የሚያስፈልገውን ደግሞ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አቅልሎ ያየዋል። የጤና ባለሙያዎች በሦስት ይከፍሉታል።

አንደኛው ደረጃ፣ ውሻውን መዳሰስ ወይም ምንም ያልተላጠ ቆዳ በምላሱ መላሱ ነው። መታጠብ ይበቃል፤ መርፌ አያስፈልግም።

ሁለተኛው፣ ደም ያልፈሰሰበት ጭረት ወይም በጥርስ ያዝ አድርጎ የለቀቀው ቆዳ ነው። ክትባት ይጀመራል።

ሦስተኛው፣ ጥርስ ወይም ጥፍር ቆዳውን አልፎ የደማ፣ የተላጠ ቦታ በምላስ የተላሰ፣ ወይም ለሃጩ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ የገባ ነው። ከክትባቱ ጋር ሴረምም ያስፈልጋል። ልጆች ቁመታቸው ከውሻው ፊት ጋር ስለሚመጣጠን ፊታቸውና ጭንቅላታቸው ላይ ይነከሳሉ፤ ከዚያ ወደ አንጎል ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ለነሱ ሰዓቱም ያጥራል። ልጅ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ መነከሱን ይደብቃል። መንደሩ ውስጥ ያበደ ውሻ ታይቷል ከተባለ ማታ ልብሳቸውን አስወልቀው እግራቸውን፣ ጀርባቸውን፣ የፀጉራቸውን ሥር በመብራት ይመልከቱ።

በበሽታው የታመመ እንስሳ ያረደ ወይም የሞተውን የገፈፈ፣ እጁም የተቆረጠ ወይም የተላጠ ከሆነ እንደ ሦስተኛው ደረጃ ይታያል። በደንብ የበሰለ ሥጋ መብላት ወይም የተፈላ ወተት መጠጣት ለመርፌ አያበቃም። ያም ሆኖ የታመመ ከብት ጥሬ ሥጋም ሆነ ያልፈላ ወተት ወደ አፍ አይቅረብ።

ጤና ጣቢያ፦ በዚያው ቀን

ጤና ኬላ ክትባቱ ላይኖረው ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዳለው ደውላ ማጣራት ትችላለች። ከመንገድ በፊት ይህን ማድረግ የአንድ ቀን ምልልስ ያተርፋል።

ብዙ ሰው ከመርፌው የሚሸሸው ድሮ የሰማውን ይዞ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን የተሰጠው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ ለተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋል፣ ያማል፣ አንዳንዴም ነርቭ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያንን ዓይነት ክትባት መጠቀም ይቁም ካለ ቆይቷል። የዛሬው በሴል ውስጥ የሚመረት ሲሆን የሚወጋውም ክንድ ላይ ነው። የቀረበልዎ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው።

በጡንቻ የሚሰጠው የተለመደው መርሐ ግብር በቀን 0፣ 3፣ 7፣ 14 እና 28 ነው። አጠር ያለው ደግሞ በ0፣ 3 እና 7 ተሰጥቶ አራተኛው ከ14 እስከ 28 ባለው ቀን ይሰጣል። ቀን 0 የሚባለው የመጀመሪያው መርፌ የተወጋበት ቀን እንጂ የተነከሱበት ቀን አይደለም፤ እዚህ ላይ ስንት ካርድ ተዛብቶ ተጽፏል። ሰኞ የጀመረ ሰው ሁለተኛውን ሐሙስ ይወጋል፤ ሦስተኛውን በሚቀጥለው ሰኞ፣ አራተኛውን ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ። አምስተኛው ካለ ከመጀመሪያው በአራተኛው ሳምንት፣ እንደገና ሰኞ ነው። ካርዱ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሳምንቱም ቀን ጭምር ይጻፍ። አንድ ሁለት ቀን ያሳለፈ ሰው እንደገና ከዜሮ አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቆዳ ውስጥ የሚሰጠው መንገድ ክትባት ይቆጥባል። በቀን 0፣ 3 እና 7 ሁለት ቦታ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር እየተወጋ በሳምንት ያልቃል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ስለሚዳረስ ብዙ ተነካሽ በአንድ ቀን ለሚመጣበት ጣቢያ ይስማማል። የተከፈተው ብልቃጥ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተይዞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።

የጡንቻው መርፌ ለአዋቂ ትከሻ ሥር፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የጭን ውጪያዊ ጎን ላይ ይወጋል። ቂጥ ላይ ፈጽሞ አይወጋም፤ እዚያ ያለው ስብ ክትባቱን ይይዘውና ሰውነት በቂ መከላከያ ሳያበጅ ይቀራል። ነፍሰ ጡር፣ አጥቢ እናትና ሕፃን ሁሉ ይከተባሉ። ከወራት በፊት ተነክሶ ዛሬ የመጣም አይመለስም፤ እንደ አዲስ ይጀመርለታል። ቀድሞ ሙሉ ክትባት የወሰደ ሰው ዳግም ከተነከሰ በ0 እና በ3 ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዋል፤ ሴረም አያስፈልገውም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትንም አብረው ይጠይቁ።

ሴረሙ ክትባት አይደለም። የተዘጋጀ መከላከያ ነው፤ ክትባቱ ሰውነትን እስኪያነቃ ባሉት ቀናት ቁስሉ ላይ ያለውን ቫይረስ ይይዛል። ከሰው የተዘጋጀው ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተዘጋጀው 40 ዩኒት ነው። ልጁ ይመዘን እንጂ አይገመት። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የፈረሱ 800 ዩኒት ይሆናል፤ ብልቃጡ ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ዩኒት የሚል ከሆነ 4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህ በቁስሉ ዙሪያና ውስጥ፣ ሥጋው የቻለውን ያህል ይወጋል። ቁስሉ አምስት ስድስት ቦታ ከሆነና ፈሳሹ ካልበቃ በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ቀጥኖ ለሁሉም ይዳረሳል፤ አንዱን ቁስል ትቶ ማለፍ ሌሎቹን በከንቱ እንደ ማከም ነው። የፈረሱ ሲሰጥ ከባድ አለርጂ ቢነሣ የሚወጋው አድሬናሊን አጠገብ ይኑር።

ሴረም የለም ከተባለ ክትባቱ ሴረሙን አይጠብቅም። በዚያው ሰዓት ይጀመራል፤ ሴረሙ በሰባት ቀን ውስጥ ከተገኘ ይጨመራል፤ ከሰባት ቀን በኋላ ግን አይሰጥም።

ስለ ጠበልና ስለ ባህል መድኃኒት በግልጽ መናገር ይሻላል። ጠበል መጠመቅ ከክትባት ጋር አይጣላም፤ መጀመሪያ መርፌውን ይወጉ፣ ከዚያ ይሂዱ፣ ቀጠሮ ሲደርስ ይመለሱ። በአካባቢው ያሉ ካህናት ይህን ቅዳሴ ሲያበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ይሰማል። የሚጠጣ ሥር ግን ሌላ ነው። እንዶድን የመሰሉት ራሳቸው መርዛሞች ናቸው፤ በተጨማሪም ያበደ ያልሆነ ውሻ የነከሰው ሰው ሥሩን ጠጥቶ ጤነኛ ሆኖ ሲኖር መድኃኒቱ አዳነው ይባላል፤ የመድኃኒቱ ዝና ከዚያ ነው የሚመጣው።

ምልክቱ አንዴ ከጀመረ፣ ቁስሉ የነበረበት ቦታ ሲነዝርና ሲያሳክክ፣ ውሃ ሲቀርብ ጉሮሮ ሲኮማተር፣ የነፋስ ሽውታ ሲያስደነግጥ፣ የሚቀረው ስቃይን ማስታገስ ነው። ፀጥ ያለ ክፍል፣ ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ማረጋጊያ መድኃኒት፣ ቤተሰብ አጠገቡ። አስታማሚ ጓንት ያድርግ፤ ለሃጩ ከዓይንና ከቁስል ይራቅ። በሽተኛውን በሰንሰለት ማሰር ተገቢ አይደለም።

ውሻው፦ አሥር ቀን

የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ባለቤት ካለውና ከታወቀ አይገደል። በጠንካራ ሰንሰለት ወይም በተዘጋ ክፍል ይታሰርና ለአሥር ቀን ይታይ፤ ምግቡና ውሃው በረጅም እንጨት ይገፋለት። ቫይረሱ በውሻ ለሃጭ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ሊጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ነው። በአሥረኛው ቀን እየበላና ባለቤቱን እየለየ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ተነካሹም ቀሪውን መርፌ ሊያቆም ይችላል። የሰውየው ክትባት ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ ስሌት ለውሻና ለድመት ብቻ ነው፤ ለጅብ፣ ለቀበሮ ወይም ለአህያ አይሠራም።

ሁሉም ያበደ ውሻ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም። አንዳንዱ ጭር ይላል፤ ጨለማ ቦታ ይተኛል፣ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ተሰክቶበታል ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከትታል። ጥርስ ሳያርፍበት፣ ባለቤቱም ተነከስኩ ሳይል፣ በለሃጩ ብቻ የሚያዘው እንዲህ ነው።

በበሽተኛው ውሻ የተነከሰ ሌላ ውሻ ካለና ክትባቱ ጊዜው ያላለፈበት ከሆነ ወዲያውኑ ተደግሞለት 45 ቀን በባለቤቱ እጅ ይታያል። ተከትቦ የማያውቅ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያለ ስቃይ ያስወግደው፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ለስድስት ወር ከሰውና ከእንስሳ ተለይቶ ይዘጋበት። እንደ እውነቱ በመንደር ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ የተዘጋ ውሻ ብርቅ ነው።

ከብት፣ በግና አህያ

ላም ስታብድ ብዙ ጊዜ የተነፋች ወይም ድንች የተሰካባት ትመስላለች። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ታምጣለች ግን ምንም አይወጣትም፣ ድምፅዋ ተለውጦ ያለ ማቋረጥ ታገሳለች፣ የኋላ እግሯ ይዝላል። በዚህ ጊዜ ጉሮሮዋን ለመፈተሽ እጅ አይገባም፤ ቀንዷን ይዞ መድኃኒት መጋትም አይሞከርም። ከበረቱ ትለይ፣ ጥጃዋ እንዳይጠባት ይወሰድ፣ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይደወል።

እዚህ ላይ የሚያጣላው ነገር ገንዘብ ነው። አንድ በሬ የቤተሰቡ ዋና ሀብት ሊሆን ይችላልና ከመሞቱ በፊት ታርዶ ሥጋው ለቅርጫ ይከፋፈላል። ጭንቅላቱን የሚፈልጥና ሕብለ ሰረሰሩን የሚቆርጥ ሰው፣ ከሁሉም ይልቅ ቫይረሱ የተጠራቀመበትን ቦታ በባዶ እጅ ይነካል። አስቀድሞ የታረደ ከሆነ ያረዱት፣ የገፈፉትና የከተፉት ሰዎች ስም ይያዝና ጤና ጣቢያ ይላኩ። ሬሳው ጅብና ውሻ ቆፍረው በማያወጡት ጥልቀት፣ ሁለት ሜትር ያህል፣ ይቀበር፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ይደረግበት። በረቱ በሳሙናና በውሃ ከታጠበና ፀሐይ ከገባበት ይበቃል፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም።

ናሙና

ውሻው ከተገደለ ወይም ከሞተ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ነው። ስለዚህ መገደሉ የግድ ከሆነ ጭንቅላቱ በድንጋይ አይፈጥፈጥ። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚመታው ግን እሱኑ ነው፤ በዚያች ምት ለተነካሾቹ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ማስረጃ ይጠፋል።

ጭንቅላቱን የሚቆርጠው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው፤ ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የፊት መሸፈኛ አድርጎ። በሁለት የላስቲክ ከረጢት ይታሸግና አይስ ፓክ ባለበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ፎርማሊን ውስጥ አይከተት፤ የተለመደው በአጉሊ መነጽር የሚታይ የፍሎረሰንት ምርመራ የሚፈልገው ትኩስ አንጎል ነው። እንዲቀዘቅዝ እንጂ በረዶ እንዲሆን አይደረግ። ቅጹ ላይ የእንስሳው ዓይነት፣ የሞተበት ቀን፣ የክትባት ታሪኩና የነከሳቸው ሰዎች ቁጥር ይሞላ። ናሙናውን ወዴት እንደሚልክ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ያውቃል፤ አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እና ሰበታ ባለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረመራል። ውጤቱ እስኪመጣ የማንም ክትባት አይቆምም። ናሙናው በስብሶ ከደረሰ “አልተገኘም” የሚል ውጤት ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ዘመቻው፦ ከመቶ ሰባ ውሻ

ውሾችን በመርዝ ማጥፋት በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው፤ በሽታውን አቁሞት ግን አያውቅም። የኢንዶኔዢያዋ ባሊ ደሴት በሽታው በ2008 እንደ ፈረንጆች ሲገባባት ውሾችን በጅምላ ገደለች፤ በሽታው ተስፋፋ። የተከተቡትም አብረው ስለሚሞቱ፣ ባለቤቶችም ውሻቸውን ወደ ሌላ መንደር ስለሚያሸሹ ነው። የላቲን አሜሪካ አገሮች ግን እንደ ፈረንጆች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ውሻን እየከተቡ በሰው ላይ የሚታየውን በሽታ ከመቶ 95 በላይ ቀንሰዋል።

የሚፈለገው በየዓመቱ ከመቶ 70 ውሻ ነው። ሃምሳ ለምን አይበቃም ቢሉ፣ የመንደር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተከተበው ይሞታል፣ ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሃምሳው ወደ ሠላሳ ይወርዳል።

መጀመሪያ ውሾቹ ይቆጠሩ። በቀበሌው ካሉ ቤቶች አሥረኛ አሥረኛውን እየጠየቁ በቤት ስንት ውሻ እንዳለ ያግኙና በቤቱ ብዛት ያባዙ። 600 ቤት ካለና በአማካይ ለሁለት ቤት አንድ ውሻ ከሆነ 300 ውሻ ነው፤ 210ሩ መከተብ አለበት። ለብክነት አሥር በመቶ ጨምረው 230 ያህል ዶዝ ይጠይቁ። የውሻ ክትባት በአገር ውስጥም ይመረታል።

ጊዜው ከአጨዳ በኋላ፣ መንገዱ ደርቆ ሰው ቤቱ ሲውል ይሁን። የእረኛ ውሻ ጠዋት ከመንጋው ጋር ስለሚወጣ ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀመር፤ አራት ሰዓት ላይ የሚከፈት ጣቢያ የሚያገኘው የጓሮ ውሻ ብቻ ነው። ቡድኑ አንድ ወጊ፣ አንድ መዝጋቢና አንድ ሰልፍ አስከባሪ ይኑረው። ከመሰማራታቸው በፊት ራሳቸው በቀን 0 እና 7 የቅድመ መከላከያ ክትባት ይውሰዱ።

ውሻውን የሚይዘው ባለቤቱ ነው፤ ልጅ አይላክ። ውሻው ካስቸገረ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የጨርቅ ቁራጭ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይጠመጠም፣ ከመንጋጋው ሥር ይቋጠር፣ ጫፎቹ ከጆሮው ኋላ ይታሰሩ፤ አፍንጫው አይዘጋ። በማጅራቱ ላይ ያለው ልል ቆዳ በሁለት ጣት ይነሣና 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳው ሥር ይወጋል። ፈሳሹ ፀጉሩ ላይ ከፈሰሰ መርፌው በሌላኛው ጎን ወጥቷል ማለት ነው፤ ይደገም። ቡችላም ይከተባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይደገምለታል። ከዚያ ባለቀለም ክር በአንገቱ ይታሰር፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ተደርጎ።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይያዝ። ብልቃጡ አይስ ፓኩን በቀጥታ አይንካ፤ በጨርቅ ይለይ። በረዶ የሆነ ክትባት ሲቀልጥ ጤነኛ ይመስላል፤ ማንም አያውቅም፤ ውሻው ክር አስሮ ያለ መከላከያ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሙቀትን እንጂ ቅዝቃዜን አይፈራም።

ዘመቻው ባለቀ ማግስት ጎህ ሲቀድ ሁለት ሰው መንደሩን ዞሮ ያየውን ውሻ ሁሉ ይቁጠር፣ ክር ያለውንና የሌለውን ለይቶ። 40 አይተው ክር ያለው 24 ከሆነ 60 በመቶ ነው፤ ወደቀሩት ጎጦች ይመለሱ። ያልተደረሰባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአስፋልት የራቁት ወይም ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ያሉት ናቸው።

ደጋ ላይ ላሉ ወረዳዎች ሌላም ጉዳይ አለ። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ግድም ከእረኛ ውሾች የተሻገረው በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ 500 ያህል ናቸው። ለግጦሽ መንጋ ይዘው ወደ ተራራው የሚወጡ እረኞች ውሾች በዘመቻው መጀመሪያ ቀን፣ ከመውጣታቸው በፊት ይከተቡ።